የግራ ጎኗ

«እሷ ምን አለባት? ባል የላት፣ ልጅ የላት» አለ ታላቅ ወንድሟ። ማድ ቤት ቆሞ ለእናታቸው ነበር የሚነግራት፣ በማለዳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷ ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤት ተቀምጣ ነበር። የመጸዳጃ ቤቱ ጠባብ መስኮት የሚከፈተው ወደ ማድ ቤቱ ስለሆነ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ እንኳ ይሰማል፤ እነሱ ግን ወይ ይህን ረስተውታል፣ ወይ ገና አልነቃችም ብለዋል። እናቷ ምን እንደምትመልስ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። «ተው እንጂ፣ እሷም እኮ ሰው ናት» ትለዋለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ቧንቧውን ከፈተች፣ የሆነ ዕቃ አለቀለቀች፣ ቧንቧውን ዘጋች። «ዛሬ ራጅ የምትነሳው ስንት ሰዓት ነው?» አለች በመጨረሻ። «ራጅ አይደለም እማዬ፣ አልትራሳውንድ ነው። ሁለት ሰዓት» አላት። በቃ፣ ይኸው ነበር። ሽንቷን ጨርሳ ውሃ መልቀቅ ፈራች። ውሃ ከለቀቀች መስማቷን ያውቃሉ፤ መስማቷን ካወቁ ደግሞ ፊታቸውን ማየት ሊኖርባት ነው። የወንድሟ ኮቴ ወደ ሳሎን እስኪያልፍ ድረስ በቀዘቀዘው መቀመጫ ላይ እግሮቿ እስኪደነዝዙ ተቀመጠች።

ኩላሊቱ የሚፈለገው ለትንሹ ነበር። ትንሹ የሚሉት ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላውን የመጨረሻ ልጅ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ከአንድ ዓመት ወዲህ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ስላቆሙ መሰላል መውጣት ቀርቶ ደረጃ መውጣት አቅቶት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን ያስጥባል። እናታቸው ስኳር ስላለባት መስጠት አትችልም። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ፣ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚነግደው፣ ከሁለት ወር በፊት አንድ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ደም ግፊት አለብህ፣ አይሆንም አሉኝ» ብሎ ነበር። ወረቀቱን ማንም ተቀብሎ አላነበበውም። ቀረች እሷ፣ መጋረጃ ሰፊዋ። የደሟ ዓይነት ገጠመ፤ የሽንት ምርመራዋ ንጹሕ ሆነ። አንድ ውጤት ደህና በሆነ ቁጥር ቤቱ እፎይ ሲል፣ እሷ ግን ከኋላዋ በር እየተዘጋባት ወደ አንድ ጠባብ ኮሪደር የምትገፋ ይመስላት ጀመር። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። የጠየቃት ሰው ስለሌለ መልስ የምትሰጥበት ቀን አልመጣም።

ቁርስ ላይ ጋሼ ሊትር ውሃ የሚይዘውን ጆግ አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠላት። ለምርመራው ፊኛዋ መሙላት አለበት ተብሏል፤ ጠጥታ ሽንቷን ይዛ ነው የምትሄደው። «ጠጪ እንጂ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አላት በደግ ድምፅ፣ ጠዋት ምንም እንዳላለ ሰው። ትንሹ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አብጧል፤ ዓይኖቹ ሥር ያለው ቆዳ ውሃ የቋጠረ ይመስላል። እሱ በቀን የሚፈቀድለት ሦስት ብርጭቆ ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ሻይና ሾርባው ተቆጥሮ። ከዚያ ካለፈ የሚያስወጣው ኩላሊት ስለሌለው ውሃው ሳንባው ውስጥ ይገባና ያፍነዋል። ስለዚህ እህቱ ብርጭቆውን አንስታ ስትጠጣ ጉሮሮዋን ያያል። ሁለተኛውን ስትቀዳ አየ። ሦስተኛው ላይ ከንፈሩን በምላሱ አርሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ውሃው አልወርድ አላት። «እታለም፣ ቀስ ብለሽ ጠጪ፣ ማንም አይቀማሽም» አላት ሊያስቃት። ሁሉም ሳቁ። እናቷ ከሁሉም በላይ ሳቀች፣ ከዚያ ድንገት አቁማ የጠረጴዛውን ልብስ ማስተካከል ያዘች። ልጇን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሆስፒታል የሄደችው ብቻዋን ነው። ጋሼ «ሱቁን የሚከፍትልኝ የለም» አለ። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ መንገዱ ባነጠራት ቁጥር ሆዷ ሥር ያለው ውሃ እየነጠረ፣ ስለ ቢላዋ ታስብ ነበር። ከጎኗ እስከ ጀርባዋ አንድ ስንዝር ይቀደዳል ብለዋታል። ጨርቅ በየቀኑ የምትቀድ ሰው ስለሆነች አንድ ስንዝር ምን ያህል እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ስላልነቁ ሰዎች የሰማችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣባታል። ከዚያ ደግሞ የትንሹን የታፈነ ትንፋሽ ታስታውስና በራሷ ታፍራለች። በልቧ ግን አንድ ልመና ነበር፤ ለማንም የማትናገረው፣ ለራሷም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያልተናገረችው። አንድ ነገር ባገኙብኝ። ቀላል ነገር፣ የማይገድል፣ ብቻ «አይሆንም» የሚያስብል።

አልትራሳውንድ ክፍሉ በምድር ቤት ነው፤ ለመድረስ በእጥበት ክፍሉ በር ማለፍ ግድ ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስምንት ወንበሮች፣ ስምንት ማሽኖች፣ ሰባት ሰዎች። ከክንዳቸው የወጣ ቀይ ቱቦ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ይዞርና ተመልሶ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር፣ ደማቸው ከሰውነታቸው ውጪ እየዞረ። አንደኛው ወንበር ባዶ ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚያ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣ ትንሹን ስታስቀው አይታለች። የት ሄደች ብላ የምትጠይቀው ሰው ነበር፤ አልጠየቀችም። ካሸር ጋ የአራት ሜትር መጋረጃ የስፌት ዋጋ የሚያህል ከፍላ፣ ደረሰኟን ይዛ፣ ጭኖቿን አጣብቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ነፍሰ ጡር «አንቺም ውሃውን ጠጣሽ? እኔስ አሁን ካልጠሩኝ እዚሁ ጉድ ልሆን ነው» አለቻት። ሳቀችላት። «ስንተኛሽ ነው?» አለቻት ሴትየዋ ወደ ሆዷ እያየች። «አይደለሁም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ግድግዳውን አዩ።

ባለሙያው ወጣት ነበር፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀባትና መሣሪያውን በቀኝ ጎኗ አስኬደው። «እስትንፋስ ሳቢ። ያዢ። ልቀቂ።» ቶሎ ቶሎ ለካ፣ ተጫነ፣ ጻፈ። «ጥሩ ናት፣ ትልቅ ናት» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረ። «ሳቢ። ያዢ።» መሣሪያውን ወደ ላይ ገፋው። ወደ ታች አወረደው። «በጎንሽ ተኚ።» ተኛች። የጎድን አጥንቷ መሃል እስኪያማት ተጫነ። ማውራት አቆመ። በስክሪኑ ላይ እሷ የምታየው ዝናብ የሚመስል ግራጫ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ግን ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረው። «ምን አየህ?» አለችው። «ቆይ» አላት። ከእንብርቷ በታች፣ ፊኛዋ አጠገብ ሳይቀር ፈለገ። አሥር ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም፤ ለእሷ ግማሽ ቀን ነበር። በመጨረሻ «ሽንትሽን ሽኚና ተመለሽ፣ ሐኪሟን ልጥራ» ብሏት ወጣ። መጸዳጃ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ጠዋት ሙሉ ስታስጨንቃት የነበረችው ሽንት አልወጣ አለች። ዕጢ ነው ብላ ደመደመች። ልመናዬ ተሰማ፤ የለመንኩት ግን ቀላሉን ነበር፣ ይህን አይደለም፣ እያለች እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከታ ስትንቀጠቀጥ ቆየች፣ ሽንቷ ራሱ በራሱ እስኪለቃት ድረስ።

ሐኪሟ መጥታ ራሷ ደግማ አየቻት፤ ጠጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። «ሲቲ ስካን አሁኑኑ ተነሺ፤ ውጤቱን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነግርሻለሁ» አለቻት። «ዶክተር፣ ክፉ ነገር ነው?» «ሳላረጋግጥ አፌን አልከፍትም። ግን እንዲህ አትንቀጥቀጪ።»

ሲቲውን ተነስታ ስትጨርስ ገና አምስት ሰዓት ነበር። ቤት መሄድ አልፈለገችም፤ መጋረጃ የምትሰፋበት ሱቅ ገባች። የሚሰፉት ከአንድ ሆቴል የመጣ አርባ መስኮት ነው፣ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከላዩ በእጅ የሚሸነሸን። ሽንሽኑን በጣቷ እየለካች በስፒል ትይዛለች፤ ስምንት ሴንቲ ሜትር፣ እጥፍ፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ዛሬ ግን አንዱ ሰባት ሲሆን አንዱ ዘጠኝ ይሆንባታል። አብራት የምትሰፋው ባልደረባዋ «ስሚ፣ ውጤትሽ ምን ሆነ? ኩላሊትሽን ወሰዱት?» አለቻት የስፌት ሞተሯን ሳታቆም። «ገና ነው።» «እኔ ብሆን ሁለቱንም ሰጥቼ ይህን ሰማያዊ ጨርቅ እገላገል ነበር» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አይታት ሞተሩን አቆመች። «ፈርተሻል እንዴ?» አለቻት። ማንም ጠይቋት አያውቅም። መጋረጃ ሰፊዋ ስፒሉን ከንፈሯ መሃል እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። ባልደረባዋ ተነስታ የተበላሸውን ሽንሽን ከፊቷ ወሰደችና መፍታት ጀመረች። የሱቁ ባለቤት ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ «ከተቀደድሽ ሁለት ወር ትቀሪያለሽ አሉ፣ እኔ እስከዚያ ሰው ማስገባቴ ነው እንግዲህ፣ አትቀየሚኝ» አላት። «አልቀየምም» አለችው። እውነቷን ነበር፤ የሚሰማት ነገር ሁሉ በአንድ ፍርሃት ተይዞ ስለነበር ለቅያሜ የሚሆን ቦታ አልቀረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሐኪሟ ክፍል ገባች። ጠረጴዛው ላይ አንድ የሕፃን ፎቶ፣ አንድ የጎደለ የሻይ ብርጭቆ። ሐኪሟ በሩን ራሷ ተነስታ ዘጋችው።

«ዕጢ አይደለም» አለቻት መጀመሪያ። «በሽታም አይደለም። ግራ ኩላሊትሽ የለም።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። መጀመሪያውኑ አልነበረም፤ ስትፈጠሪም በአንድ ነው የተፈጠርሽው።»

ወረቀት ስባ ሳለችላት። ሁለት ባቄላ የመሰሉ ነገሮች፣ ከጀርባ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ እያንዳንዳቸው ጭብጥ የሚያክሉ። ደም ይገባባቸዋል፤ ያጣሩታል፤ የሚጠቅመውን ለሰውነት ይመልሳሉ፣ የማይጠቅመውን ከትርፉ ውሃ ጋር በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ያወርዱታል። «በቀን ወደ መቶ ሰማንያ ሊትር ነው የሚያጣሩት» አለች ሐኪሟ። «ከዚያ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ሊትር ተኩል፣ ሁለት ቢሆን ነው። የቀረው ይመለሳል።» ከዚያ በእስክሪብቶዋ በግራ በኩል ያለውን ባቄላና ከሥሩ የሚወርደውን ቱቦ ሰረዘችው። «ያንቺ የቀኟ ብቻዋን ስትሠራ ኖራለች። ለዚህ ነው ከሌላው ሰው የተለቀችው። ይህችን አውጥተን ለወንድምሽ ብንሰጥ በማግስቱ ማሽኑ ላይ አንቺ ነሽ።»

መጋረጃ ሰፊዋ የተሰረዘውን ባቄላ አየች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ይልቅ ከጠዋቱ የባሰ ፍርሃት መጣባት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጭብጥ በምታክል ሥጋ ላይ ቆማ ኖራለች፣ ሳታውቅ። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብላ ውሃ ሳትጠጣ የዋለችባቸው የሥራ ቀናት ሁሉ፣ ለራስ ምታት እንደ ከረሜላ የዋጠቻቸው ክኒኖች ሁሉ ታወሷት። ሐኪሟ «አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«ሦስት ጊዜ። አንዱም አልቆመም።» ከሦስተኛው በኋላ ባሏ ልብሱን በሁለት ሻንጣ ይዞ እንደወጣ አልነገረቻትም።

«ማህፀንሽን እናያለን» አለች ሐኪሟ። «ልጅ ሲፈጠር ኩላሊትና ማህፀን ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት። አንዱ ሲጎድል ሌላውም ላይ አንዳንዴ ጉድለት ይገኛል። ሁልጊዜ አይደለም። ከሆነ ግን አንቺ ያደረግሽው፣ ያላደረግሽው ነገር አይደለም። ያኔ ማንም እንዲህ አላለሽም?»

ማንም አላላትም። ያኔ የተባለችው ከባድ ዕቃ አንስታለች፣ ሞተር ላይ ጎንብሳለች፣ አልተጠነቀቀችም ነው። አለቀሰች፤ ሐኪሟ ሶፍት ሰጥታት ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ወደ ቤት የመጣችው በእግሯ ነው፣ ሦስት የአውቶቡስ ፌርማታ። መንገዱን ስትሻገር ከወትሮው ይልቅ ግራና ቀኝ ታያለች፤ ብስክሌት ባጠገቧ ሲያልፍ በእጇ ቀኝ ጎኗን ትሸፍናለች። በየፌርማታው የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር ትለማመድ ነበር። ትንሹ ምን ይላል? ከዚህ በኋላ የቀረለት ሰው የለም። በልቧ ስትለምን የዋለችው ነገር ሆነላት፤ እሱን ግን ማሽኑ ላይ አስሮ ተወው። በሩ ላይ ስትደርስ ቁልፉን ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች።

ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። ጋሼ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጥቷል፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቁልፎቹን ያሽከረክራል። እናቷ ልብስ ታጥፋለች። ትንሹ በመኝታ ቤቱ በር ላይ ወንበር አስጠግቶ ተቀምጧል።

«እህ፣ እንዴት ሆነ?» አለ ጋሼ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተለማመደችው ዓረፍተ ነገር ጠፋባት። «መስጠት አልችልም። ያለኝ አንድ ነው።»

«አንድ ምን?» አለች እናቷ።

«አንድ ኩላሊት። ከተወለድኩ ጀምሮ። ግራው የለም።»

እናቷ የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ ለቀቀችው። ጋሼ ወረቀቱን አንስቶ ፊትና ጀርባውን አየው፤ ከንፈሩ በፈገግታ ተጣመመ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ? ዛሬ ሲፈለግ ጠፋ?»

«ሐኪሟን ጠይቃት።»

«ምን እጠይቃታለሁ? ወረቀት እኮ ማንም ያጽፋል። አንድ ሐኪም ጥግ አስይዘሽ ፈርቻለሁ ብትዪው የፈለግሽውን ይጽፍልሻል።»

ጋሼ ያለውን ነገር ከሁሉም ዘግይቶ የሰማው ራሱ ነበር፤ ቁልፎቹ እጁ ውስጥ ቆሙ። እናታቸው ቀና አለች። ልጇን፣ የበኩር ልጇን፣ ፊት ለፊት አየችው።

«አንተ ጥግ ያስያዝከው የትኛውን ሐኪም ነው?» አለችው በቀስታ።

«እማዬ...»

«ያኔ ወረቀትህን አላነበብኩትም። ማንበብ ስላቃተኝ አይደለም። እንዳላውቀው ብዬ ነው።» «ዛሬ ጠዋትም ዝም አልኩህ። የትኛው ልጄ እንደሚሞትብኝ ስመርጥ የቆየሁ ይመስል።» ወደ ሴት ልጇ ዞረች። የሸሚዙን እጅጌ ትዳብስ ጀመር።

ትንሹ ወንበሩን ይዞ ተነሳ። «ተዉ እንግዲህ» አለ። ትንፋሹ ስለሚያጥረው ቃላቱን ሁለት ሁለት እያደረገ ነው የሚያወጣቸው። «አልጋዬ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ነው። ጠዋት እኔም ሰምቻለሁ። ተው ማለት እችል ነበር። ኩላሊቱን ስለፈለግኩት ዝም አልኩ።» ወደ እህቱ አየ። «እታለም፣ አንዷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትልቅ ናት አሉ።»

«እሰይ» አለ። ሊል የፈለገው ሌላ ነገር እንደነበረ ያስታውቃል፤ ዓይኖቹ ሞልተው ነበር። «ውሃ ጠጪላት በቃ» ብሎ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ አልጋው ገባ። ሲጋደም አልጋው ሲንቋቋ ሰሙት።

ጋሼ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያይ ነበር። ሲናገር ለማንም የሚናገር አይመስልም። «አንዴ ነው የተለካሁት። የሰፈሩ ክሊኒክ። ከፍ ብሏል፣ ሳምንት ቆይተህ ድገመው አለኝ። እኔ ወረቀቱን ጻፍልኝ አልኩት። አልደገምኩትም።» «ልጆቹን አስቤ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ፈራሁ» አለ። «ስተኛ ይታየኛል፣ የኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ፣ መብራቱ። አንቺ የማትፈሪ ይመስለኝ ነበር።»

መጋረጃ ሰፊዋ አሁንም ቦርሳዋን አላወረደችም። ልትጮህበት የምትችለው ብዙ ነገር ነበራት፤ የጠዋቱ ዓረፍተ ነገር ብቻ አንድ ሙሉ ማታ የሚያስጮህ ነው። ግን የወንድሟን እጅ አየች። ቁልፎቹ እንዳይንሿሿ ብሎ በጭብጡ ውስጥ አጥብቆ ይዟቸዋል፤ እነሱ ግን ይንሿሻሉ። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት አግዳሚው ላይ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ሞተሩ ላይ የራሷም እጆች እንደነዚህ ነበሩ።

«ምርመራ ክፍሉን ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለ ጋሼ ቀና ሳይል።

«ሁለት ሰዓት።»

«የግፊቱን እዚያው ይለኩኛል?»

«ይለኩሃል።»

«ከፍ ካለስ? ዝቅ ካለስ?»

ከፍ ቢል ትንሹ ማሽኑ ላይ ይቀራል፣ ዝቅ ቢል እሱ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። እናቷ ልብሱን ማጠፍ ትታ ሁለቱን ታያለች። መጋረጃ ሰፊዋ ቦርሳዋን አውርዳ ከጎኑ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አብሬህ እሄዳለሁ፣ ጋሼ» አለችው።